የላንጮ ሜዳ ምርቃት

ሞንታርቦው አንዴ አፏጨና የአዛለችን ድምፅ ከትምህርት ቤቱ ጣሪያ አንስቶ ገበያው መሃል ጣለው።

«ላንጮ የሚባል ጀግና ነበር» አለ ድምፁ በወላይትኛ። «ከዳሞት ተራራ ማዶ በነጭ ፈረስ መጣ። ያኔ እዚህ ሜዳ ላይ ሰው የሚበላ ነብር ነበር። ላንጮ ነብሩን በጦር ወግቶ ገደለው።»

አዛለች ከተሰባበሩ ወንበሮች መካከል ተቀምጣ የማይኩን አንገት በሁለት እጇ አንቃለች። ሚኒ ሚዲያ የሚሉት ይህንኑ ክፍል ነው። አንድ የመኪና ባትሪ፣ አንድ ማይክ፣ አንድ ጠባብ መስኮት፤ ሌላ ነገር የለውም። በመስኮቱ በኩል ገበያው ወለል ብሎ ይታያል። ዝንጅብል ከጆንያ የሚያራግፉት፣ ቦይና የሚሉትን ጎደሬ በቅርጫት የደረደሩት፣ ከጉኑኖ ጨው አስጭነው የመጡት፣ አሁን በዋጋ ሲጯጯሁ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ተራ በተራ ዝም አሉ። ለካድሬ እንኳ ዝም የማይል ገበያ ነው። ውሸት በባትሪ ሲነገር እንዲህ ያምራል።

«ሜዳው በስሙ ላንጮ ሜዳ ተባለ። ጀግናውም ሕዝቡን ሰብስቦ መረቀ። ልጆቹ እስከ ዛሬ አብረውን አሉ» አለችና የራሷን ጎሳ ስም ጠራች። ከገበያው መሃል አንዲት ሴት እልል አለች። ሌሎች ተከተሏት።

ያቺ ልጅ ያኔ ማይኩን አስቀምጣ «ውሸቴን ነው» ብትል ሰው ስቆ ወደ ዝንጅብሉ ይመለስ ነበር። አላለችም። እልልታ የሚያስጠላው ማን ነው?

ነገሩ የመጣው ከክፍል ነው። መምህር ደገፉ ከሶዶ የተመደበ ወጣት የኅብረተሰብ ትምህርት አስተማሪ ነበር። ወረዳው ከቦሎሶ ሶሬ ተለይቶ ጉኑኖ ላይ የራሱን ቢሮ ገና መክፈቱ ስለነበር «የወረዳችን ታሪክና መልክዓ ምድር» የሚል አሳይመንት ለስምንተኛ ክፍል ሰጠ። እያንዳንዱ ተማሪ የሰፈሩን ወንዝ፣ ኮረብታ፣ ገበያና የስሙን አመጣጥ ጽፎ ይምጣ፤ የተሻለው በሚኒ ሚዲያ ይነበባል፤ ከዚያም ጉኑኖ ሄዶ የወረዳው በዓል ላይ ይለጠፋል። «ሽማግሌ ጠይቁ» ብሎ አስጠነቀቃቸው። «ከራስ የተፈጠረ ዜሮ ነው።»

መልክዓ ምድሩ ለአዛለች ቀላል ነበር። መንገዱ ከጉኑኖ ተነስቶ በቀይ አፈር እየተጠማዘዘ እንዴት እንደሚወርድ፣ ወንዙ በበጋ ድንጋዩን ብቻ ትቶ እንደሚጠፋ፣ በክረምት ደግሞ ሞልቶ ማዶ ያለውን ሰፈር ከወዲህኛው እንደሚቆርጥ፣ የሜዳው ታችኛው ጥግ ውኃ እንደሚቋጥር፣ ሁሉንም በእግሯ ታውቀዋለች። የማታውቀው የስሙን ነገር ነው። ላንጮ ለምን ላንጮ እንደተባለ የሚያውቁት ደግሞ አባባ ሶርሳ ናቸው።

ሄዳ ነበር። ይህን ማንም አይክዳትም። ዝናብ ያጋደለውን የቀርከሃ አጥራቸውን ሲያቃኑ ደረሰች። ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል። ሽማግሌው ገና ሰላምታዋን ሳትጨርስ፣ መጀመሪያ ያንን ጫፍ ያዢልኝ፤ ወሬው ከዚያ በኋላ ነው አሏት። የሳቸው ነገር እንዲህ ነው። ሊጠይቃቸው የመጣ ሰው ሁሉ፣ የቀበሌ ሊቀ መንበርም ቢሆን፣ ሳይሠራ አይሄድም። አዛለች ጫማዋን አየች። አዲስ ሸራ ጫማ ነበር፤ ነጭ። እሁድ ከቸርች መልስ እመጣለሁ አለቻቸው። እጠብቅሻለሁ አሉ።

እሁድ አልመጣችም። እሁድ ጓደኛዋ ሀኒያ ቤት ቪዲዮ ነበር። የሀኒያ አባት ኸይሩ ከስልጤ የመጣ ነጋዴ ነው። በላንጮ ትልቁ ሱቅ የሱ ነው፤ ጄኔሬተር ያለውም እሱ ብቻ ነው። ሁለቱ ልጆች ከሱቁ ጓዳ ዘይት ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ብስኩት እየቆረጠሙ የሕንድ ፊልም ሲያዩ ዋሉ። ሰኞ ጠዋት አሳይመንቱ ሲሰበሰብ አዛለች የስሙን አመጣጥ የትምህርት ቤቱን ግንብ ተደግፋ ጻፈችው። ጀግናው ጎሳ ያስፈልገው ነበርና የራሷን ሰጠችው። የሌላ ሰው ጎሳ ብትሰጠው ስለነሱ የምታውቀው ነገር የለም።

ሀኒያ አንብባ በሳቅ ፍርስ ነው ያለችው።

«ነጩን ፈረስ ከየት አመጣሽው አንቺ?»

«ከናንተ ጓዳ» አለች አዛለች።

እስከዚህ ድረስ ጨዋታ ነበር።

የሐሙሱ የገበያ ቀን ንባብ ባለቀ ማግስት አጎቷ ቢያድግልኝ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ መጣ። የአባቷ ታላቅ ወንድም ነው። ለመናገር ከተነሳ መቀመጥ የማያውቅ ሰው ነው። በልጆቹ ሁሉ ፊት «የላንጮ ልጅ!» ብሎ ጠራትና ራሷን ሳመ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህን ታሪክ አባቱም ሲሞት ሹክ ብሎት እንደነበር ነገራት። ነብሩን ጨምሮ። አዛለች አፏን ከፍታ አየችው። አይዋሽም እኮ፤ ከልቡ ነው። ሰው የሚወደውን ነገር ሲነግሩት ድሮ የሰማው ይመስለዋል።

አባቷ ዱባለ ምንም አላለም። ዱባለ ድሮም ምንም አይልም። በስብሰባ ከኋላ የሚቆም፣ መንገድ ላይ ለሰው ቀድሞ ጎንበስ የሚል፣ ሰዎች ስሙን ከወንድሙ ስም ጋር ካላያያዙት የማያስታውሱት ሰው ነበር። በዚያ ሳምንት ግን ጎረቤቶች በሩ ድረስ መጥተው የልጅህን አፍ ይባርክ አሉት። ገበያ ሲወጣ ወንበር ለቀቁለት። እቤት ሲገባ ለብቻው ፈገግ ይል ነበር። አዛለች ፈገግታውን ስታይ ቦይናዋን ሳትጨርስ ትነሳ ነበር።

ከዚያ ስብሰባው መጣ።

ላንጮ ሜዳ ግማሹ ገበያ ነው፤ ግማሹ ዱቡሻ ነው። ዱቡሻ ማለት ሰው ተሰብስቦ የሚነጋገርበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ሜዳ ነው። ጤና ኬላ ሊሠራ ነውና የት ይሁን፣ ማን ምን ያህል ድንጋይ ያምጣ የሚለውን ለመነጋገር ወዲህም ማዶም ያለው ሕዝብ ተጠርቷል። ደንቡ ሳይመረቅ አለመቀመጥ ነው። መራቂው ደግሞ ሁልጊዜ አባባ ሶርሳ ናቸው፤ ከሳቸው በፊት አባታቸው ነበሩ። ለምን እሳቸው እንደሆኑ ወጣቱ አያውቅም። ሽማግሌ ስለሆኑ ይመስለዋል።

አባባ ሶርሳ የቸርች ኮታቸውን ለብሰው ከኮርቹ ዛፍ ሥር አንድ እርምጃ ወጡ፤ ቀኝ እጃቸውን አነሱ። ቢያድግልኝ ቀደማቸው።

«ሜዳው የማን እንደሆነ ልጆቻችን ተምረው ነግረውናል» አለ። «ዛሬ ባለቤቱ ይመርቅ። እኛ የላንጮ ልጆች ነን።»

የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቀረ። ሁሉም ያየዋል። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው አውርደው የኮታቸውን ትከሻ አራገፉ፤ መጀመሪያውኑ አቧራ ለማራገፍ ያነሱት ይመስል። አቧራ አልነበረውም። ቢያድግልኝ መረቀ። አመራረቁ ጥሩ ነበር፤ ረዥም ነበር። የወዲህኛው ሰፈር ሰው አሜን ብሎ ተቀመጠ። የማዶዎቹ ግን አሜንም አላሉ፣ አልተቀመጡም። እርስ በርስ ተያዩና ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ወንዙን ተሻግረው ሄዱ። ስብሰባው ተበተነ።

አዛለች ከሴት ልጆቹ መካከል ቆማ ነበር። ማንም አላያትም፤ ግን ሁሉም የሚያያት መሰላት።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ በየቀኑ ይብስ ነበር። አባባ ሶርሳ ገበያ መውጣት ተዉ። የማዶ ልጅና የወዲህ ልጅ ውኃ መቅጃ ላይ በዱላ ተማቱ፤ አንደኛው «የነብር ገዳይ ልጅ» ብሎ ሌላውን አሽሟጦት ነው አሉ። ጤና ኬላው የሚሠራበት ድንጋይ አንድም አልተነሳም። አዛለች ለመምህር ደገፉ ልትነግረው ቢሮው ድረስ ሄዳ፣ «ቲቸር፣ ያ ጽሑፍ ትንሽ... ሁሉም እውነት አይደለም» አለችው። እሱ ጉኑኖ የሚለጠፈውን ቻርት በሥዕል ሲያስጌጥ ነበር፤ ነብሩ ግሩም ወጥቶለታል። ታሪክ ትንሽ ማሳመሪያ አያጣም፤ ትሑት አትሁኚ ብሎ ሸኛት። ተምሬያለሁ ያለ ሁሉ የሚሰማ አይደለም።

ሀኒያም መሳቅ አቆመች።

«አጎትሽ ትናንት ሱቃችን መጥቶ ነበር» አለቻት በእረፍት ሰዓት። «ለአባዬ፣ ሱቅህ የቆመው በኛ ሜዳ ላይ ነው፤ እያሰብክበት አለው። እየሳቀ ነው የነገረው።»

«እያሾፈ ይሆናላ።»

«አባዬ አልሳቀም። መጀመሪያ ከስልጤ በጀርባው ተሸክሞ የመጣ ጊዜ ቦታ ያሳዩት አባባ ሶርሳ ናቸው። ሜዳው የማንም አይደለም፤ ዘርጋ ነው ያሉት። ስንቴ ነግሮናል።» ሀኒያ የብስኩቷን ላስቲክ ጣቷ ላይ ትጠመጥም ነበር። «ንገሪያቸው።»

«አንቺስ ስትስቂ አልነበር?»

«እኔ የሳቅኩት በፈረሱ ነው» አለች ሀኒያ። ተነስታም ሄደች።

አዛለች በዚያ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጀሪካን ይዛ ወንዝ ወረደች። የአባባ ሶርሳ የልጅ ሚስት ፈጠነች ልብስ ታጥባለች። ፈጠነች ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ያሰበችውን ከመናገር አታርፍም። ጀሪካኑ እስኪሞላ አላስጠበቀቻትም። ያን እሁድ አማቷ ከቸርች ሲመለሱ ኮታቸውን ሳያወልቁ ደጅ ሁለት ዱካ አስወጥተው፣ አንዱ ላይ ተቀምጠው፣ ልጅ ልትመጣ ነው፤ የአያቴን ነገር ልትጽፍ ነው እያሉ ለአላፊ ለአግዳሚው ሲናገሩ መዋላቸውን ነገረቻት። ዝናብ ሲመጣ እንኳ ዱካውን አላስገቡም። «ምን ይዞሽ ነበር?» አለቻት።

አዛለች ታምሜ ነበር ልትል አፏን ከፈተች። ከአፏ ሳይወጣ አስጠላት። ጀሪካኗን ተሸክማ ዳገቱን ወጣች። ሰው ሲሰድባት ብትሰማ ይሻላት ነበር፤ የሁለት ዱካ ነገር ግን ምን ተብሎ ይመለሳል?

በማግስቱ አባባ ሶርሳ ዘንድ ሄደች። አጥራቸው አሁንም አልተጠናቀቀም። ጎንበስ ብለው ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ።

«አባባ፣ በሞንታርቦ ያነበብኩት ውሸት ነው» አለች ገና ቆማ። «ከራሴ ነው የፈጠርኩት።»

ቀና አላሉም። «አውቃለሁ። ሜዳው የአያቴ እኮ ነው። እኔ መቼ ተታለልኩ?»

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ጠየቅሽ። በይ ያንን ጫፍ ያዢው።»

ጭቃው ውስጥ ገብታ ያዘችው። ሽማግሌው ማሰሪያውን እያጠበቁ፣ ፊታቸውን ወደሷ ሳያዞሩ ነገሯት። ድሮ፣ በአያታቸው ጊዜ፣ የአዛለች ቅድመ አያቶችና የማዶዎቹ በግጦሽ ተጣልተው ሰው ሞተ፤ ከወዲህም ከወዲያም። ሜዳው የሁለቱም አልነበረም። መሃል ላይ የነበረ የሶርሳ አያት ሜዳ ነበር። አያትየው ከብታቸውን ከሜዳው አወጡና፣ ከእንግዲህ እዚህ ማንም አያርስም፣ ማንም አያግጥም፤ መጥታችሁ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ አሉ። ለዕርቁ ያረዱትም የራሳቸውን በሬ ነው።

«የምንመርቀው ትልቅ ስለሆንን አይደለም» አሉ አባባ ሶርሳ። «ጥቂት ስለሆንን ነው። ከናንተም ከነሱም ስላልሆንን ነው። አጎትሽ ሲመርቅ ማዶዎቹ የሚሰሙት ምርቃት አይደለም።»

አዛለች ቀርከሃውን አጥብቃ ያዘች። «ነብርስ አልነበረም?»

«ነበር። ፍየል ይበላ ነበር።»

«ላንጮስ?»

አሁን ገና ቀና አሉ። ከንፈራቸው ዳር ትንሽ ተነቃነቀ።

«ላንጮ በሬው ነው።»

«የቱ በሬ?»

«የታረደው። ስሙ ላንጮ ነበር። ነጭ ነበር አሉ። ለነጩ እንኳ ተጠግተሽ ነበር።»

አዛለች መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ከዚያ አጎቷ ደረቱን ነፍቶ «እኛ የላንጮ ልጆች» ሲል ታያት። አባቷ ለብቻው ፈገግ ሲል ታያት። ሳቋ እዚያው ደረቀ። ይህ ነገር አንዴ ከወጣ በዚህ አገር ሰው አፍ ውስጥ እስከ ልጅ ልጅ ይኖራል። የበሬ ልጆች ይሏቸዋል። በለቅሶ ቤት ይሏቸዋል፤ በሠርግ ይሏቸዋል።

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?» አለች። «አንድ ቃል ቢናገሩ አጎቴ...»

«ይስቁበት ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ማዶዎቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። ያኔ ሰው የሞተው በምን የተጀመረ ነገር ይመስልሻል? በግጦሽ ነው ይላሉ። ግጦሹ በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ አንዱ በአንዱ ላይ ሳቀበት።» ቀርከሃውን ከእጇ ተቀበሉና በጉልበታቸው ገፍተው አቆሙት። «እኔ ሽማግሌ ነኝ። ቆሜ ብቀር ምንም አልሆንም። ሂጂ፣ መሽቶብሻል።»

ይቅርታ አደረጉላት ማለት ነው? አዛለች መንገዱን ሙሉ ስታስበው ሄደች። አልተቆጧትም። ለእናቷ አልተናገሩም። ጥፋቷን እሳቸው ተሸክመውላት ዝም ብለዋል። ቀላል የሚላት መስሏት ነበር፤ የባሰ ከበዳት።

ዱባለ በረት ውስጥ የጥጃዋን ገመድ ሲቋጥር አገኘችው።

«አባዬ፣ ያነበብኩት ታሪክ ከራሴ ነው። ማንንም አልጠየቅኩም።»

ዱባለ ቋጠሮውን ፈታና እንደገና ቋጠረው።

«ነብሩም?»

«ነብሩም።»

«ፈረሱም?»

«ፈረሱ የፊልም ነው።»

ጥጃዋ ገመዱን ጎተተች። ዱባለ ግንባሯን በመዳፉ ገፋ አደረጋት፤ በቀስታ።

«እኔ ፈረሱን አላመንኩም ነበር» አለ። «ነጭ ፈረስ በዚህ ጭቃ ምን ይሠራል ብዬ ነበር። የቀረውን ግን አመንኩ።» ገመዱን አላላላት። «ሰው ቀድሞ ሰላም ሊለኝ ጀምሮ ነበር እኮ።»

አዛለች ስለ በሬው ልትነግረው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን አየችና ዋጠችው።

«ልንገራቸው አባዬ? በስብሰባው?»

«ወንድሜ ፊት?»

«አዎ።»

ዱባለ ገመዱን ትቶ ወጣ። እናቷ ለእራት ስትጠራው ጠግቤያለሁ አለ። ምንም አልበላም ነበር።

የቀበሌው ሊቀ መንበር የፈረሰውን ስብሰባ መልሶ ጠራ። በዚህ ካልተስማማችሁ ጤና ኬላው ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል ተብሎ ከጉኑኖ ተነግሮታል። ጠዋት ዱባለ ልጁን ሳይጠብቅ ቀድሞ ወጣ። አዛለች ለብቻዋ ሄደች። መንገድ ላይ ሀኒያ ከሱቃቸው ደጅ ቆማ አየቻት፤ መጥታም ከጎኗ መሄድ ጀመረች። እስከ ሜዳው ጥግ ድረስ አብራት ሄደችና እዚያ ቆመች።

ሜዳው በሁለት ተከፍሏል። ወዲህ የነሱ ሰዎች፣ ወዲያ የማዶዎቹ። መሃሉ ባዶ ነው። ማዶዎቹ ዱላቸውን መሬት አላስነኩም። ወጣቶቻቸው ከፊት ናቸው፤ ሽማግሌዎቻቸው ከኋላ፤ እንዲህ ያለ አቋቋም ጥሩ እንዳልሆነ ልጅ እንኳ ያውቃል። አባባ ሶርሳ መጥተዋል። ኮታቸውን አልለበሱም። ከሁሉም ርቀው፣ የሜዳው ታችኛው ጥግ ውኃ ከሚቋጥርበት አጠገብ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። አባቷን በዓይኗ ፈለገችው። ከወንድሙ አጠገብ አልነበረም። ድሮ የሚቆምበት ቦታ፣ ከኋላ ነው ያለው።

ቢያድግልኝ ከኮርቹ ሥር ወጣ። አዲስ ጋቢ ደርቧል። የማዶ ወጣቶች አንድ ነገር ተባባሉና አንዱ በአፍንጫው ሳቀ። የወዲህኞቹ ሰሙት። አንድ ሁለቱ ወደ ፊት ጠጋ አሉ።

በላንጮ ሜዳ ከምርቃት በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። በሆዱ ቂም የያዘ፣ የበደለ ወይም የተበደለ ካለ ይናገር ይባላል፤ ቂም ላይ ምርቃት አይወርድምና። ይህ ለወጉ የሚባል ነው። የሚመልስ ሰው የለም። መራቂው ጠይቆ ትንፋሹን ይስባል፣ ከዚያ ይመርቃል።

«በሆዱ የያዘው ያለ አለ?» አለ ቢያድግልኝ። እጁን ከወዲሁ ማንሳት ጀምሯል።

አዛለች ከልጃገረዶቹ መካከል ወጣች። ከፊቷ የወንዶቹ ረድፍ አለ፤ ከረድፉ መጨረሻ አባቷ። ዱባለ ዞሮ አያት። ረዥም ጊዜ አያት። ከዚያ ወደ ጎን ፈቀቅ አለላት።

ምን እንደምትል መንገዱን ሙሉ ስታጠና ነው የመጣችው። ፈረሱን ትናገራለች፤ ከየት እንዳመጣችው ሳይቀር። ነብሩን ትናገራለች። ጭቃ ፈርታ መመለሷን፣ እሁድ ሳትሄድ መቅረቷን፣ ሁሉንም። ወዲህም ማዶም አንድ ላይ ይሳቁባት፤ እስኪበቃቸው ይሳቁባት፤ እሷ ልጅ ናት፤ ትችለዋለች። የስሙን ነገር ከጠየቋት አባባ ሶርሳ እዚያ ቆመዋል፣ ሄዳችሁ ጠይቋቸው ትላለች። እሳቸው የሚሉትን ያውቃሉ።

ስለ በሬው ግን ዛሬም፣ ነገም፣ ለሀኒያም ቢሆን፣ ከአፏ አይወጣም።

መሃል ሜዳው ላይ ደረሰች። የአጎቷ እጅ ከፍ እንዳለ ቆሟል።

«እኔ አለኝ» አለች።